በሙጫ የተጠገነ ድምፅ

ደብዳቤው የመተማዋ ኮኪት የደረሰው በለይኩን አይሱዙ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ጭነት ጋር ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት አገር ፍቅር ተመልሶ ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ ከአያቶቻችን ዘመን የሚለየው ፖስተኛው በቅሎ አለመሆኑ ብቻ ነው። ስሜነህ የታጠፈውን ወረቀት ሲቀበል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለይኩን መሪውን እንደያዘ ተመለከተውና፣ "ሳታነበው ነው እንዴ የምታለቅስ?" አለው። ሽንኩርቱ ነው ብሎ መለሰለት፤ ግማሹ እውነት ነበር።

ማርያማዊት የጻፈችው እንዲህ ይላል።

"ስሜ፣ በፋሲካ በስልኬ የቀዳሁትን የሳጥንህን ድምፅ አለቃዬ ሰማው። የድሮ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን ለውጭ አገር ጊታር ተጫዋቾች እንደምንሸጥ ነግሬህ የለ? እስከዛሬ ከሰበሰብነው ሁሉ እንደዚህ ሆድ የሚያባባ የለም አለኝ። በደንብ ቀድቼ ካመጣሁለት ቋሚ ሠራተኛ ያደርገኛል። ቋሚ ከሆንኩ የአባቴን እጅ አላይም፤ ቤት እንከራያለን፤ አንተም ትመጣለህ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ብዬ እመጣለሁ። የኛ ነገር የሚያልቅልን በዚህ ድምፅ ነው። ያንተው ማርያማዊት።"

ስሜነህ ሰባት ጊዜ አነበበው። ሰባቱንም ጊዜ "ቤት እንከራያለን" የሚለው ላይ ሲደርስ ልቡ ይሞቃል፣ "ለውጭ አገር" የሚለው ላይ ሲደርስ ጆሮው ይግላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሳጥኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሜነህ ከጎጃም የመጣው ለአንድ መኸር ሰሊጥ ሊያጭድ ነበር። ስድስት ዓመት ሆነው። እንዲህ ቆላውን ለምዶ አገሩ ያልተመለሰን የቀን ሠራተኛ የመተማ ሰው ሳሉግ ይለዋል። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ሴት ልጁን ለሳሉግ የዳረ ባለ ትራክተር ግን እስካሁን አልታየም። ስሜነህ የአቶ ደረበን የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል፣ ትራክተር አልነሳም ሲል ያባብላል፣ እሑድ እሑድ ሠርግ ላይ ጊታር ይመታል። ሳጥኑን፣ ማለትም ያንን አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ የእንግሊዝ አምፕሊፋየር፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ሠርግ ሲያሞቅ ከኖረ ሱዳናዊ የገዛው ሁለት መኸር አጭዶ ነው። ዕቃው ከሱ በሃያ ዓመት ይበልጣል። ሲበራ እስኪሞቅ ድረስ፣ ያለቦታው እንዳስቀመጡት የሠርግ ሽማግሌ ያጉረመርማል።

አቶ ደረበ ደግሞ ሁለት ትራክተር፣ አንድ መጋዘንና አንዲት ሴት ልጅ ያላቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ገዳሪፍ ሄደው የሰው ማሽላ ሲያጭዱ ኖረዋል፤ ዛሬ ሲያወሩት "ሱዳን ስነግድ" ይሉታል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰሊጡ ተወቅቶ ገብቶ ሠራተኛው ሲሸኝ፣ ስሜነህ መጋዘኑ ውስጥ ይጫወት ነበር። ማርያማዊት ለእረፍት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ መጥታ አጠገቡ ቆማለች። አልተነካኩም። የተያዩት ብቻ ነው፤ ግን አቶ ደረበ በሩ ላይ ሆነው ያንን መተያየት አዩት፣ ደግሞም ገባቸው።

ስሜነህን አልመቱትም። ሰው ሰውን የሚመታው ትንሽም ቢሆን እኩያው ሲያደርገው ነው። የመቱት ሳጥኑን ነው፣ በከስክስ ጫማቸው፤ የስፒከሩ ወረቀት ከጠርዙ እስከ እምብርቱ ተተረተረ። "ይህን ጩኸት ከመጋዘኔ አውጣ" አሉና ሄዱ። ሊያባርሩት አስበው ነበር፤ ትራክተሩን የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስላጡ ሰሊጡ ተጭኖ እስኪያልቅ አስተላለፉት። ሰሊጡ ተጭኖ ሲያልቅ ደግሞ እርሻ ነበር።

በማግስቱ ስሜነህ ከግራር ላይ ሙጫ ለቀመ፣ በውሃ ዘፈዘፈ፣ ማርያማዊት ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ በሰጠችው ቁራጭ ቅዱን ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ጤነኛ ድምፅ አላወጣም። ክሩ ሲመታ መጀመሪያ እንደማንኛውም ጊታር ይጮሃል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሙጫውና ወረቀቱ እየተነካኩ ይርገበገባል፤ ሳላለቅስ ልናገረው ያለ ሰው ጉሮሮው ላይ እንደሚይዘው። ሠርገኞች ይወዱት ነበር። ማርያማዊት ደግሞ ከመውደድም አልፋ በስልኳ ይዛው አዲስ አበባ ገባች።

ስሜነህ ብቻ ነበር የማይወደው። ያ መርገብገብ በመጣ ቁጥር ጫማው ይታየዋል።

እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ምንጣፍ ገልብጠው የሚያነጥፉበት አገር ነው። ስሜነህም የተማረችው ፍቅረኛው ፈረንጅ ጆሮ ልታስገባው መሆኑን ሲያነብ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ በተቀደደ ስፒከር አልዋረድም። ሳጥኑን ጭኖ መተማ ዮሐንስ ወረደ። ሩፊዳ የምትባል፣ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ እዚያ የሬዲዮ ጥገና የከፈተች ሴት ከፍታ አየችለት። ሙጫውን በጥፍሯ ፍቃ "ሰምግ" አለች፤ በአገሯ ስሙ እንደዚያ ነው። ድምፁን እንዲያሰማት ጠየቀች። አሰማት። እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሳችና፣ "ያ ዙል፣ ተወው" አለችው፤ አንተ ሰውዬ ማለቷ ነው። "ይሄ የታመመ አይደለም። ያዘነ ነው።"

እሱ ግን ለኀዘን አልነበረም የመጣው። አዲስ ወረቀት አስገጠመ፣ የፊቱን ጨርቅ አሳጠበ፣ እንጨቱን ቀለም አስቀባ። አሮጌውን ወረቀት ሩፊዳ በማግስቱ ከሰል አቀጣጠለችበት።

*

ማርያማዊት የመጣችው በዚያው በለይኩን መኪና ነው። መንገዱ በእጀባ ስለሆነ የነበራት ያ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ለይኩን ሰሊጥ ጭኖ በማግስቱ ጠዋት ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ እጀባው መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቅ የለም። አለቃዋም ድምፁን በዚህ ሳምንት ካላመጣሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏታል። እናቷን ስማ፣ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ውሃ ቀምሳ፣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ልፈትሽ ብላ ወደ መጋዘኑ ሄደች። አቶ ደረበ ልጃቸው ኮምፒውተር አንግታ ስትወጣ ጎረቤት እንዲያያት በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላት።

መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኞች ከረጢት ይደረድሩ ስለነበር፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ከሰባት ወር በኋላ ሲገናኙ እንደ ሁለት የግብርና ባለሙያዎች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀችም። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ ቆልፎታል። አገጩ ሥር ምላጭ የነካው ቦታ አለ። ለሷ ብሎ በጥድፊያ እንደተላጨ ስታስበው ፊቷን ወደ ከረጢቶቹ አዞረች፤ ሠራተኞቹ ሲያዩዋት ምን እንደምትመስል ታውቀዋለች።

ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠበቁ፤ በቆላው ሙቀት ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ የሚመለሱ አልነበሩም። ከዚያ ማይክራፎኑን ተከለች፣ ገመዶቹን ዘረጋች፣ የሰሊጥ ማበጠሪያውን ጄኔሬተር አስነሳች። ስሜነህ በሳጥኑ ላይ የነበረውን ጨርቅ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጠው። ማርያማዊት አዲሱን ቀለም አይታ ፈገግ አለች። እሱ ጊታሩን አነሳና ሁልጊዜ ለሷ የሚመታትን ዜማ ጀመረ።

ድምፁ ጥሩ ነበር። ንጹሕ፣ ክብ፣ የተገራ። የትኛውም ጥሩ አምፕሊፋየር እንዲህ ይላል። ማርያማዊት መጨረሻውን ጠበቀች፤ ያ የሚርገበገበው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝም ብሎ አለቀ። ስሜነህ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ሰባት ወር ሙሉ ሊያየው ሲናፍቅ የኖረው ፊት ላይ ደስታ አልነበረም። ሬሳ ሊለይ የተጠራ ሰው ፊት ነበር።

"ምን አደረግኸው?" አለችው።

"አዳንኩት።"

 የመጣችው ለዚያ ለተቀደደው መሆኑን፣ አለቃዋ የሰማው እሱን መሆኑን፣ ንጹሕ ድምፅማ አዲስ አበባ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ እንዳላቸው ነገረችው። ስሜነህ አዳመጠ። አሮጌው ወረቀት የት እንዳለ ጠየቀችው። ከሰል መቀጣጠያ እንደሆነ ሲነግራት ከረጢት ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኖቿ መሐል ከተተች። ከዚያ የማይባለውን አለች። ሆን ብሎ ይሆን? እሷ እንዳትሄድበት፣ ቋሚ እንዳትሆንበት?

ስሜነህ ሲናደድ የጎጃም ዘዬው ይመለሳል፤ ሲያዝን ግን ዘዬ አልነበረውም።

"ባልፈልግሽ ኖሮ አላሳጥበውም ነበር" አላት በቀስታ። "አገር ምድር ሊሰማው ነው አልሽኝ። ያ ድምፅ እኮ፣ ማርያማዊት፣ ላንቺ ዜማ ነው። ለኔ የአባትሽ ጫማ ነው።"

ማርያማዊት ለሰባት ወር ያንን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማ ኖራለች። በታክሲ፣ በቢሮ፣ በተኛችበት። ለሥራ ባልደረቦቿ ስታሰማ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን እንኳ ጫማ አይታ አታውቅም፤ ያየችው ሻሿን ነበር። ተነስታ ወደሱ ልትሄድ አሰበች። ቢያንስ አንድ እርምጃ ሄዳለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

*

አቶ ደረበ ከምሳ በኋላ ነው የመጡት፤ የመንግሥት ይሁን የግል ያልለዩት የልጃቸው መሥሪያ ቤት በመጋዘናቸው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሊጎበኙ። ስሜነህን እንደ ምሰሶ አልፈው አዩትና ልጃቸውን ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው አሏት።

እውነቱን ነገረቻቸው። የቸኮለ ሰው እውነቱን ከነአጥንቱ ያወጣል። የዚህ ሳጥን ድምፅ የተፈለገው ስፒከሩ ተቀድዶ ስለነበር መሆኑን፣ ቅዱ አሁን እንደሌለ፣ ነገ ባዶ እጇን ከሄደች ሥራው እንደሚቀርባት። ስለሚከራዩት ቤት ብቻ ትንፍሽ አላለችም።

አቶ ደረበ ሳጥኑን ዞረው አዩት። የቱ ቅድ ነው የምትይው አሉ። ስትነግራቸው መጀመሪያ አላስታወሱም፤ ወይም እንዳላስታወሱ ሆኑ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ስሜነህ በስድስት ዓመት እንደዚያ ሲከፈት አይቶት አያውቅም።

"ታዲያ ድምፁን ያወጣሁት እኔ ነኛ" አሉ።

ማርያማዊት አንገቷን ወደ ሳጥኑ አዞረች።

"አይ፣ እውነቱ ይነገር እንጂ። ይኸ ሰውዬ ሙጫ ለጠፈ። ቅዱ ባይኖር ምኑ ላይ ይለጥፍ ነበር? ፈረንጆቹ ይህን ያውቃሉ?" ጢማቸውን ዳሰሱ። "ስሜን አስገቢው። ደረበ ብቻ ይበቃል።"

ሌላ ቀን ቢሆን ማርያማዊት ትስቅ ነበር፤ ስሜነህም አብሯት። ያን ቀን ግን እሷ እየሰማች ያለችው ሌላ ነገር ነው። የተማረችው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው፤ አእምሮዋ አንድ ነገር ሲበላሽ መልሶ ለመሥራት የሰለጠነ ነው። ብረቱ ያው ነው። እንጨቱ ያው ነው። ሙጫው ከግራሩ ላይ አለ። ጫማውም ያው ነው፤ አባቷ ከስክሳቸውን በየዓመቱ ሶል ያስለውጣሉ እንጂ ጫማ አይለውጡም። ስሜነህ ይህ ሐሳብ በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየው። እንዳትለው ለመናት፤ በዓይኑ ነበር የለመናት፣ እሷ ግን በዚያች ሰዓት ሳጥኑን ነበር የምታየው።

"አባዬ" አለች። "ከቀኝ በኩል ነበር። እንደዚያ ጊዜው ይምቱት።"

አቶ ደረበ እንኳ አንድ አፍታ አመነቱ። ሰው በንዴት ያደረገውን በትእዛዝ ሲደግመው ያፍራል። ግን የልጃቸው ሥራ ነው፤ ደግሞም ስማቸው ሊጻፍ ነው። ቦታቸውን አስተካከሉ፣ እግራቸውን ሞከሩ፤ ሳጥኑ በአዲሱ ቀለም ምክንያት ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተት ነበር።

"ስሜነህ፣ እስቲ ናማ ያዝልኝ" አሉ። "እንዳይሸሽ።"

እንቢ ማለት ይችል ነበር። ማርያማዊት ከዓመታት በኋላም ይህን ለራሷ ስትደጋግመው ኖራለች፤ እንቢ ማለት ይችል ነበር። ስሜነህ ጊታሩን አስቀመጠ። ነጩን ሸሚዝ እንደለበሰ ተንበረከከና ሳጥኑን ከኋላው አቀፈው፤ ደረቱን እንጨቱ ላይ አሳርፎ፣ አገጩን ጠርዙ ላይ አድርጎ፣ ሕፃን ክትባት ሲያስወጋ እንደሚይዝ አባት። ማርያማዊት ማይክራፎኑን በስንዝር ያህል ፈቀቅ አድርጋ አባቷ አጠገብ ቆመች፤ ከዚያ በኩል በደንብ ይታይ ስለነበር።

አቶ ደረበ ልጃቸውን፣ "በቂ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ትንሽ ወደ መሐል ይቀረዋል አለች።

ደገሙት።

*

ሙጫውን ለቅሞ ያመጣው ራሱ ስሜነህ ነው። ማንም አላዘዘውም። ዘፈዘፈው፣ በጣቱ አሸው፣ ቅዱን ገጥሞ ያዘ። ማርያማዊት ሻሿን ፈታ ጫፉን በጥርሷ ልትቀድ ስትል፣ "ተይው፣ አይበላሽብሽ" አላትና ከኪሱ የሞተር መጥረጊያ ጨርቅ አወጣ። ክፋት አልነበረበትም አባባሉ። ያ ነው ያስፈራት። አቶ ደረበ ሥራቸው ስላለቀ ወደ ቤት ሄደው ነበር፤ የሚጮህ ሰው መጋዘኑ ውስጥ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻል ነበር።

የኅዳር ፀሐይ ሙጫውን በአንድ ሰዓት አደረቀው። ስሜነህ ጊታሩን ሰክቶ አንድ ክር ነካ። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። ያው ነው። እንዲያውም ከበፊቱ ይብስ ነበር። ማርያማዊት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እንባዋ መጣ። ዳነልን፣ ዳነልን እያለች ለራሷ ተናገረች። "ዳነልን" ስትል ድምፁንም ፍቅራቸውንም ማለቷ ነበር፤ እሱ ግን ቀና አላለም።

ስሜነህ ሸሚዙን አራገፈና ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። የሚጫወታትን ዜማ መርጧል፣ ክሮቹን ቃኝቷል። ይህን ቀን ሲያስብ የኖረው እንዲህ ነበር፤ እሷ ትቀዳለች፣ እሱ ይጫወታል። ማርያማዊት መጣችና የጊታሩን ገመድ በቀስታ ነቀለች።

"አሁን አንተ አትጫወትም፣ ስሜ" አለችው። ስትናገረው ነው እንዴት እንደሚሰማ የሰማችው። "ላፕቶፑ ነው የሚልክበት።"

በፍጥነት አብራራችለት። ላፕቶፑ የራሱን ድምፅ በዚያ ገመድ ወደ ሳጥኑ ይልካል፤ ከስፒከሩ የሚወጣውን ማይክራፎኑ ይይዛል፤ ከዚያ ማሽኑ የላከውንና የተመለሰለትን እያስተያየ ሳጥኑ ድምፅን ምን እንደሚያደርገው ይማራል። ሰው አያስፈልገውም። ሰው ከገባበት እንዲያውም ይበላሻል፣ እጅ ስለሚለያይ።

ስሜነህ ገባኝ አለ።

ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ሳጥኑ ፉጨት አፏጨ፣ እንደ ዝናብ ተንሿሿ፣ እንደ ጅብ ጮኸ፣ ተንተባተበ። ዜማ የሚባል ነገር አልነበረውም። ስሜነህ ገመድ የሌለውን ጊታር ጭኑ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ጣቶቹ የመረጣትን ዜማ ይዘው ነበር፣ አላነሳቸውም። ከዚያ ማሽኑ ለመማር አንድ ሰዓት ያህል ጠየቀ። ጠበቁ። ሰባት ወር የተጠራቀመ ወሬ ነበራቸው፤ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ።

ማሽኑ ሲጨርስ ማርያማዊት ሳጥኑን አጠፋችው። ጊታሩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ የጆሮ ማዳመጫውን በእጇ ጆሮው ላይ አደረገችለት፤ ጣቷ ፀጉሩን ነካ፣ እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ለዚያች ቅጽበት ሁለቱም ያው የጥንቶቹ ነበሩ። ከዚያ ክሩን መታ። ሳጥኑ ቀዝቅዞ፣ ቫልቮቹ ጠፍተው፣ ግን ያ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ተንቀጠቀጠ።

ልክ መሆኑን ጠየቀችው። ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ እጁን ይዛ ጠየቀችው።

"ልክ ነው" አለ። "ምንም አልቀረበትም።"

ያኔ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ነገ አብረው እንደሚሄዱ፤ ለይኩን ጋቢና ውስጥ ቦታ እንዳለው፤ ለአባቷ ከጎንደር እንደምትጽፍላቸው፤ አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ ያየችው አንድ ክፍል ቤት እንዳለ፣ መስኮቱ ወደ ጠዋት ፀሐይ እንደሆነ። ስሜነህ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት።

"አንቺ ሂጂ" አላት።

"ለኛ ብዬ ነው ያደረግኩት። ስሜ፣ ለኛ ነው።"

"አውቃለሁ። አውቄ ነው የያዝኩላችሁ።" ጊታሩን ከከረጢቶቹ ጋር አስደገፈ። "ያን ጊዜ አባትሽ ሲመቱት አንቺ እኔ አጠገብ ነበርሽ። ሁለት ዓመት ያኖረኝ እሱ ነው፤ ሳጥኑ ቢቀደድም እሷ እኔ አጠገብ ነበረች እያልኩ። ዛሬ እሳቸው አጠገብ ነበር የቆምሽው።"

 ከዚያ በኩል በደንብ ስለሚታይ ነው ልትለው ነበር፤ እውነትም ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ አሳፈራት። ሠራተኞቹ ከረጢት ሊደረድሩ ተመልሰው ሲገቡ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አገኟቸው። ማርያማዊት እጇን ዘረጋች። እንደ ጠዋቱ ተጨባበጡ፤ በዚህኛው ቶሎ የለቀቀው እሱ ነው።

*

በማግስቱ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወዲያ እጀባው ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚነግር አልነበረም፤ ሾፌሮቹ እየወረዱ መንገድ ዳር ተሰበሰቡ። ለይኩን፣ ሆድሽ እንዳይባባ ፀሐይ ሳይበረታ እንገባለን ብሏት እሱም ወረደ። ጋቢናው ውስጥ ከሷ ጎን የነበረው ቦታ ባዶ ነበር፤ ቦርሳዋን አላስቀመጠችበትም።

ጊዜውን ለሥራ ልጠቀምበት ብላ ላፕቶፑን ከፈተች። አለቃዋ የሚፈልገው ሦስቱን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሌላው መቆረጥ አለበት። ያኔ ነው ያየችው። ስሜነህ መጀመሪያ ከተጫወተ በኋላ ቀረጻውን ሳታቆም ቀርታለች። ማይክራፎኑ ከሰዓቱን ሁሉ ክፍት ነበር።

የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። የጄኔሬተሩ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ ሥራ የለመደ፣ ለሠራተኛ ከረጢት የት እንደሚቀመጥ የሚናገር ዓይነት፤ "ከቀኝ በኩል ነበር። እንደዚያ ጊዜው ይምቱት።" የማን እንደሆነ ለማወቅ አፍታ ወሰደባት። የአባቷን አነጋገር ይመስል ነበር።

ከዚያ ጫማው አረፈ። ከጫማው ቀጥሎ፣ ለማይክራፎኑ በጣም ቅርብ፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ቆረጣው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣቷን አድርጋ ነበር፤ አነሳችው። መለሰችና እንደገና ሰማች። ትንፋሹ ገባ። አባቷ በቂ መሆኑን ጠየቁ፣ ያቺ ሴት ትንሽ ወደ መሐል ይቀረዋል አለች፣ ጫማው ደገመ። ድምፁን ከፍ አደረገችው። የገባው ትንፋሽ ሲወጣ መስማት ፈልጋ፣ ሳጥኑን ያቀፈው ሰው የሆነ ቦታ ላይ መተንፈስ ነበረበት ብላ፣ ጄኔሬተሩን ብቻ እያዳመጠች ጠበቀች። ሦስተኛ ጊዜ መለሰችው። ለይኩን ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ማርያማዊት ገና እየጠበቀች ነበር።